በባሕር የተመሰገነ፥ በየብስ የተወቀሰ፤ የአንሪ ደ ሞንፍሬድ ታሪክ

መጽሐፍ ከሰው ዕድሜ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ጸሐፊው ከሞተ በኋላ የጻፈው ነገር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይኖራል፤ እውነት ቢሆን እንደ እውነትነቱ፥ ሐሰትም ቢሆን አስተባባይ እስኪነሣበት ድረስ እውነት መስሎ በሰው ልብ ሥር ይሰድዳል። ስለዚህ ስለ አንድ አገርና ስለ አንድ ሕዝብ የሚጽፍ ሰው በሸንጎ ፊት እንደሚቆም ምስክር ይቈጠራል። ምስክሩ አንደበቱ የጣፈጠ እንደ ሆነ ሰሚው ይወድደዋል። ነገር ግን የአንደበት መጣፈጥ ብቻውን የነገሩን እውነተኛነት አያረጋግጥም።

ከጅቡቲ ተነሥቶ በአይሻ፥ በአዲጋላና በሽንሌ በኩል ድሬዳዋ በሚደርሰው የባቡር መንገድ፥ እንዲሁም ከዚያ ወዲያ እስከ ጅጅጋ ሜዳ በተዘረጋው አገር ብዙ የውጭ አገር መንገደኞች ተመላልሰዋል፤ ያዩትንም ጽፈዋል። ከነዚህ መካከል በመጽሐፎቹ ብዛትና አንባቢዎቹን እርስ በርሳቸው በማከራከር ፈረንሳዊውን አንሪ ደ ሞንፍሬድን የሚያኽሉ ጥቂቶች ናቸው። ስለ ባሕር ጀብዱ የጻፋቸውን ተከታታይ መጽሐፎች ያነበቡ አንዳንዶቹ ጀግና፥ አንዳንዶቹ ቀጣፊ፥ ሌሎቹም ሕግ አፍራሽ ብለው ይጠሩታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ሒሳብ አለው፤ የዚህ ሰው ብዕር በባሕር ላይ ብቻ አልቀረምና። የሕይወቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ መመልከት ፍርድ ለመስጠት ይረዳል።

አንሪ ደ ሞንፍሬድ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም.፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1879፥ በደቡብ ፈረንሳይ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ላ ፍራንኪ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ሠዓሊ ነበረ። ይኸው ሰው የታላቁ ሠዓሊ የጎጋን ወዳጅ ሲሆን፥ ጎጋን ወደ ሩቅ ደሴት ሄዶ በችግር በሚኖርበት ጊዜ ሥዕሎቹን በፈረንሳይ አገር እየተቀበለ ጉዳዩን ይጠብቅለት ነበር። አባትዮው ባሕር ወዳድ ስለ ነበረ ልጁ ገና በሕፃንነቱ የሸራ መርከብን አካሄድ፥ የነፋስን ጠባይና የማዕበልን ቍጣ ለመደ። በኋላ ዘመን ያስጠራው ችሎታ መሠረቱ የተጣለው በዚህ ጊዜ ነው።

ወደ ፓሪስ ሄዶ ቢማርም የተመኘውን ከፍተኛ የምህንድስና ትምህርት ቤት ፈተና ሊያልፍ አልቻለም። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥሮ ኖረ፤ ከነዚህም አንዱ የወተት ጥራት መመርመር ነበረ። ንግድም ሞከረ፥ አልቀናውም። ታምሞም ብዙ ጊዜ ተኛ። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በእጁ ሀብት፥ በስሙም ዝና አልነበረውም። በአውሮፓ ምድር ዕድሉን ያጣ ሰው በዚያ ዘመን እንደሚያደርገው ሁሉ እሱም ፊቱን ወደ ባሕር ማዶ መለሰ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ጅቡቲ ገባ።

በዚያ ጊዜ የምድር ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማይቱ ከምድረ በዳ ተነሥታ ተቈረቈረች፤ ወደ አዲስ አበባ ግን የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሣ ድንጋያማውንና ቃጠሎ የበዛበትን ቈላ እያቋረጠ በአይሻና በአዲጋላ ጣቢያዎች ያልፋል። አገሩ የኢሳ ሶማሌ ከብት አርቢዎች ግመላቸውን፥ ፍየላቸውንና በጋቸውን ይዘው ውሃና ሣር እየፈለጉ የሚዘዋወሩበት ነው። ከድሬዳዋ ወዲያ ደጋው ይነሣል፤ ተራራው ወደ ሐረር ሲያወጣ፥ ከሐረር በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ እንደገና ዝቅ ብሎ በጅጅጋ ሰፊ ሜዳ ይዘረጋል። ቡናው፥ ቆዳውና ከብቱ ከዚህ ሁሉ አገር እየተሰበሰበ በባቡር ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ ጨርቁ፥ ጨውና ጠመንጃው ደግሞ ከባሕር ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሞንፍሬድ በአንድ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ መግዛት የጀመረው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

በጅቡቲ የነበሩት ፈረንጆች ከአገሬው ተለይተው በራሳቸው ሰፈር ሲቀመጡ፥ ሞንፍሬድ ግን ከሶማሌው፥ ከአፋሩና ከየመኑ ሰው ጋር አብሮ ተቀመጠ። ምግባቸውን በላ፥ ቋንቋቸውን ተማረ፥ ልብሳቸውንም ለበሰ። ኋላም ሃይማኖቱን ለውጦ እስላም ሆነና ዐብድ አልሐይ ተባለ፤ ትርጓሜውም የሕያው ባሪያ ማለት ነው። የአገሩ ሰዎች በዚህ ናቁት፤ መርከበኞቹ ግን እንደ አንድ ወገናቸው ቈጠሩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቅጥር ሥራውን ትቶ የራሱን ጀልባ አበጀና ወደ ቀይ ባሕር ወጣ።

ቀይ ባሕር ለማያውቀው ሰው አደገኛ ነው። ከውሃው በታች የተሰወረው የዛጎል ድንጋይ የመርከብን ሆድ ይቀድዳል፤ ነፋሱም በወራት እየተለዋወጠ አንድ ጊዜ ይገፋል፥ አንድ ጊዜ ይመልሳል። ሞንፍሬድ በልጅነቱ የለመደው የሜዲቴራኒያን ዕውቀት ለዚህ ባሕር አልበቃውም። በከዋክብት መመራትን፥ የውሃውን ቀለም አይቶ ጥልቀቱን መለየትን፥ በጠባብ የድንጋይ በር መካከል በሌሊት ማለፍን ያስተማሩት እነዚያው አፋርና ሶማሌ፥ ሱዳንና የመን መርከበኞች ናቸው። ዐብዲ የሚባለው ሶማሌ መርከበኛ በታሪኮቹ ውስጥ በታማኝነቱ ይታወቃል። የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት በመጽሐፎቹ ገጽ ሁሉ ተበትኖ ይገኛል፤ በሽፋኑ ላይ የታተመው ስም ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ከሠራቸው መርከቦች መካከል ፋትሕ አልራሕማን እና አልታየር የተባሉት ስማቸው የታወቀ ነው። በእነዚህ መርከቦች በዳህላክ ደሴቶች የሉል ንግድ ሞከረ፤ ከዚያም ይልቅ ትርፍ ወደሚገኝበት ወደ ጦር መሣሪያ ንግድ ገባ። በአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ዘንድ ያረጀው ጠመንጃ፥ ይልቁንም በኢትዮጵያ ፉዚግራ የተባለው፥ በጅቡቲ በኩል በብዛት ይራገፍ ነበር። ንግዱ ፈቃድና ቀረጥ ነበረው፤ ሞንፍሬድ ግን ከፈቃዱም ከቀረጡም ውጭ በሌሊት ይጭንና ሰው በማያይበት ጠረፍ ያራግፍ ነበር። የቅኝ አገሩ ሹማምንትም ተከታትለው ያዙት፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣበት ጊዜ በጅቡቲ ታስሮ ጥቂት ወራት ቈየ። ከእስር ሲወጣም ወደ ሌላ የተከለከለ ንግድ ተሻገረ፤ በግሪክ አገር የሚዘጋጀውን ሐሺሽ ገዝቶ ወደ ግብፅ በስውር አስገባ። ይህ ዕፅ በግብፅ የተከለከለ፥ ብዙ ድኻ ገበሬና ሠራተኛ አእምሮውን የሚያጣበት ነበረ። ሞንፍሬድ ይህን አድራጎቱን አልደበቀም፤ በኋላ በመጽሐፍ ገልጦ ጻፈው፥ ከመጽሐፉም ሁለተኛ ትርፍ አገኘ።

በእነዚህ ዓመታት ቤቱ ከታጁራ ባሕር ሰላጤ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኦቦክ ነበረ። ሚስቱ አርምጋርት ፍሮይደንፌልድ የጀርመን ተወላጅ ነበረች፤ በ1913 ተጋብተው ልጆችን ወለዱ። ባልዮው በባሕር ላይ ሲንከራተት እስዋ በዚያ ምድረ በዳ በሆነ ስፍራ በሚያቃጥለው ነፋስ መካከል ልጆችን አሳደገች፤ ገንዘቡንና ቤቱንም ጠበቀች። ጀብዱውን የሚያደንቅ አንባቢ የዚህችን ሴት ትዕግሥት ዘንግቶ ማለፍ አይገባውም።

ሞንፍሬድ ከሕገ ወጥ ንግድ ያገኘውን ገንዘብ በባሕር ዳር አላስቀረውም፤ በባቡሩ መንገድ ወደ ላይ ይዞት ወጣ። በድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቋቋመ፤ በአካባቢው በሚገኘው ደጋ በአራዌም ርስትና ቤት አበጀ። የባሕሩ ሽፍታ በከተማ ውስጥ ባለ ፋብሪካ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ካፈራቸው ወዳጆች አንዱ የምድርን ታሪክ የሚመረምረው ቄስ ቴያር ደ ሻርዳን ነበረ። ሁለቱ ከድሬዳዋ አጠገብ በጃርት ስም የሚጠራውን ጥንታዊ ዋሻ ለሊቃውንት ካስታወቁት ሰዎች መካከል ናቸው። በ1933 ዝነኛው የቅድመ ታሪክ ሊቅ ቄስ ብረይ በዚያ ዋሻ ምርምር አድርጓል፤ ከድንጋይ የተሠሩ የጥንት ሰዎች መሣሪያዎችና በግድግዳው ላይ የተሣሉ ሥዕሎችም ተገኝተውበታል። ይህ ሥራ ለሞንፍሬድ በመልካም ጎኑ ሊጻፍለት ይገባል።

ጸሐፊ የሆነው በድንገት ነው። በ1930 ጆሴፍ ኬሴል የተባለው የታወቀ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ስለ ባሪያ ንግድ ለጋዜጣው ለመመርመር ወደዚህ አገር መጣ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግም ከሞንፍሬድ ጋር ተገናኘ። ኬሴል የሰማውን የባሕር ታሪክ አድንቆ ራሱ እንዲጽፈው መከረው። በዚያው ዓመት አይዳ ትሪት የተባለች ሴት ሞንፍሬድ የነገራትን ሰብስባ በእንግሊዝኛ አሳተመች። እሱም በ1931 የቀይ ባሕር ምስጢሮች የሚል የመጀመሪያ መጽሐፉን አወጣ። በሚቀጥሉት ዓመታት የባሕር ጀብዱዎች፥ ከዚያም የሐሺሽ ጉዞ ተከተሉ። ዕድሜው ከኀምሳ ዓመት በላይ ነበረ፤ ከዚህ በኋላም እስከ ሞቱ ድረስ ወደ ሰባ የሚጠጉ መጽሐፎች ጽፏል።

እነዚህ መጽሐፎች በፈረንሳይ አገር በብዙ እጅ ተነበቡ። ጊዜው የዓለም ንግድ የወደቀበትና ብዙ ሰው ሥራ ያጣበት ስለ ነበረ፥ በጠባብ ከተማ ተዘግቶ የሚኖረው አንባቢ ስለ ሰፊው ባሕር፥ ስለ ማዕበልና ስለ ሌሊት መርከብ ሲያነብ ጭንቀቱን ይረሳ ነበር። አንዱን መጽሐፍ የጨረሰ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ መርከበኞቹም እንደ ዘመድ እየታወቁት ይሄዳሉ። ኤርዤ የተባለው የቤልጅግ ሠዓሊ ቴንቴን ስለሚባለው ልጅ በሥዕል በጻፈው ታሪክ ውስጥ በቀይ ባሕር ጠመንጃ የሚያሻግር የመርከብ አለቃ ያስገባው ሞንፍሬድን አስመስሎ ነው። በ1937 የመጀመሪያው መጽሐፍ በሲኒማ ተሠራ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም በፈረንሳይ ቴሌቪዥን በተከታታይ ታይቷል።

ይሁን እንጂ አንባቢዎቹ በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። የመጀመሪያዎቹ ወገኖች ሞንፍሬድ በቢሮ ተቀምጦ የባሕር ልብ ወለድ እንደሚጽፍ ሰው አይደለም፤ ገመዱን በእጁ የሳበ፥ የመርከቡን መሪ ራሱ የያዘ ስለ ሆነ ቃሉ ሕይወት አለው ይላሉ። ይህ ነገር እውነት ነው። የነፋሱ አነሣሥ፥ የሸራው አጣጣል፥ ውሃ በበርሜል አልቆ ጥም ሲጸና የመርከበኛው ጠባይ በመጽሐፉ በግልጥ ይታያል፤ ይህን ሳያውቅ የሚጽፈው የለም።

ሁለተኛዎቹ ወገኖች ታሪኩ ሁሉ የሆነ ነውን ብለው ይጠይቃሉ። ሰው የራሱን ጀብዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጽፍ የሚያስመሰግነውን ማብዛት፥ የሚያሳፍረውን ማሳነስ የተለመደ ነው። ሞንፍሬድም ያንኑ ታሪክ በልዩ ልዩ መጽሐፍ መልሶ ሲተርከው የልብ ወለዱና የእውነቱ ድንበር ይደባለቃል። ለመዝናናት ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ አይጐዳም፤ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቅ ጉዳት ነው።

ሦስተኛዎቹ ወገኖች ስለ ምግባሩ ይከራከራሉ። ሕግን የሚያፈርሰው የባለጠጎችንና የቅኝ ገዢዎችን ትዕቢት ስለ ጠላ ነው ብለው የሚያመካኙለት አሉ። ነገር ግን ሐሺሹን የሚገዛው ባለጠጋ ብቻ አልነበረም፤ ጠመንጃውም የተተኰሰው በገዢዎች ላይ ብቻ አይደለም። በጠረፍ የሚራገፈው መሣሪያ በበረሃ ጐሣን ከጐሣ ሲያጋድል ጀልባው ከሩቅ ባሕር ላይ ነበረች። ጀብዱውን ባሕር ላይ ላለው አንባቢ ሲተርክ፥ ዕዳውን የከፈለው በየብስ ያለው ሰው ነው።

አራተኛው ወገን በዚያ ክርክር ጊዜ ድምፁ ያልተሰማው፥ ስለ እሱ የተጻፈበት ሕዝብ ነው። በአይሻ ግመል የሚጠብቀው፥ በጅጅጋ ገበያ ከብት የሚሸጠው፥ በሐረር ቡና የሚለቅመው ሰው መጽሐፉን አላነበበም፤ በፈረንሳይኛ ተጽፏልና። በእሱ ላይ የተሰጠው ምስክርነት ግን በአውሮፓ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ነበር።

ይህ ነገር እንዲህ ሆነ። ሞንፍሬድ ከባሕር ታሪኮቹ አጠገብ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት የሚነቅፉ መጽሐፎች መጻፍ ጀመረ። በ1933 ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ እንኳ ኢትዮጵያን ጠላት የሆነች ምድር ብሎ የሚጠራ ነበር። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአገር እንዲወጣ አዘዙ። ከሃያ ዓመት በላይ ከኖረበት፥ ሀብትም ካፈራበት አገር ተባርሮ ወጣ። ቂሙንም በብዕሩ ይዞ ሄደ።

በዚህ ላይ ለፍርድ ሚዛን እንዲሆን አንድ እውነት መነገር አለበት። ሞንፍሬድ ስለ ባሪያ ንግድ የጻፈው ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ክፉው ንግድ በአገሪቱ ነበረና። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ይህን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ዐዋጅ ወጣ፥ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ነውርን መግለጥ የጸሐፊ ተግባር ነው። ነገር ግን ነውሩን የገለጠው አገሩ እንዲታረም ነው ወይስ አገሩ እንዲወረር? በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ረዥም የክስ ጽሑፍ ይኸው የባርነት ነገር ዋና ማስረጃ ሆኖ ተጠቅሷል። ሞንፍሬድም በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ድራማ የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ድጋፉንም ለወራሪው ሰጠ።

በዤኔቭ ተነሥተው ለኢትዮጵያ መልስ ከሰጡት ሰዎች ዋነኛው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እኒህ ሰው በሩስያ አገር የተማሩ፥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሱ፥ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ለዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1909 ዓ.ም. ገደማ የዛሬይቱን ጅጅጋ መንገዶቿ ቀጥ ብለው እንዲቋረጡ አድርገው በፕላን የመሠረቱት እሳቸው መሆናቸው ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘመን፥ በአንድ የምሥራቅ አገር የኖሩ፥ ሁለቱም የብዕር ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በሜዳው ላይ ከተማ አቆመ፤ ሁለተኛው ከተማይቱን ሊያጠፋ ለሚመጣው ጦር የወሬ መንገድ ጠረገ። በአውሮፓ ግን የሁለተኛው መጽሐፍ በየሱቁ ሲሸጥ፥ የመጀመሪያው ንግግር በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ቀረ።

ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ተጀመረ። በኦጋዴን በኩል በጥቅምት ወር ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጐራሄ ከአውሮፕላን ቦምብ ጋር ተጋፍጠው ቈስለው ሞቱ። ሶማሌው ዑመር ሰመተር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፎ በዚያው ግንባር ታገለ። ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የምሥራቁን ጦር አዝዘው፥ የቱርኩ ጄኔራል ወሂብ ፓሻ እየረዳቸው፥ ከጅጅጋ በስተ ደቡብ በሳሳባኔና በደጋሐቡር በኩል ምሽግ አበጁ። ጠላት በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን በረታ። በመጋቢት ወር ጅጅጋና ሐረር በቦምብ ተደበደቡ፤ በሚያዝያ መጨረሻም ሁለቱም ከተሞች ተያዙ። ደጃዝማች ነሲቡ ከአገር ወጥተው በዚያው የአውሮፓ ዓመት በስዊስ አገር በሕመም ሞቱ።

ሞንፍሬድ በዚህ ጊዜ ከኢጣሊያ ጦር ጋር የጋዜጣ ወሬ ላኪ ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1936 የኦጋዴን ጦረኞች የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ ጥቁሩ አውሮፕላን የሚል ሌላ መጽሐፍም በዚያው ዓመት ታተመለት። የባሕር ታሪኮቹን ይጠብቁ የነበሩት አንባቢዎች እነዚህንም ተቀብለው በዚያው ጣዕም አነበቧቸው። ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። በማዕበል ላይ ያመኑት ሰው በቦምብም ላይ ታመነ፤ ስለ ነፋስ እውነት የተናገረ አፍ ስለ ጅጅጋ ሰው ሲናገር እንደ ገና አልተመረመረም። ጀብዱ በባሕር ላይ ሲሆን ሰውዬው ራሱን ለሞት ያቀርባል፤ በጋዝና በአውሮፕላን መሣሪያ ከሌለው ሕዝብ ላይ ሲዘምቱ ማየትና ማመስገን ግን ጀብዱ አይባልም።

ከድሉ በኋላ ወደ ድሬዳዋና ወደ አራዌ ተመልሶ ተቀመጠ። የተደገፈበት ኀይል ግን አምስት ዓመት እንጂ አልቈየም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከሞቃዲሾ በኩል ወጥቶ ጅጅጋን፥ ቀጥሎም ሐረርንና ድሬዳዋን አስለቀቀ። ሞንፍሬድ የጠላት ወዳጅ ስለ ነበረ ተይዞ ከኢጣሊያ እስረኞች ጋር ወደ ኬንያ ተወሰደ። በኬንያ ተራራ አጠገብ እያደነና ዓሣ እያጠመደ ከኖረ በኋላ በ1947 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ አንግራንድ በምትባል የገጠር መንደር ተቀመጠ።

በዚያም ሥዕል እየሣለ፥ ፒያኖ እየመታ፥ ከሁሉም ይልቅ እየጻፈ ሸመገለ። የዕድሜውን ታሪክ የጀብዱ ጀርባ በሚል ስም በብዙ ክፍል እንደ ገና ጻፈው። በ1958 የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ በሕንድ ውቅያኖስ ከሬዩንዮን ደሴት አጠገብ በትንሽ መርከብ ሲጓዝ በዐውሎ ነፋስ ተወሰደ፤ ሞተ ተብሎ ሲፈራ ወደ ማዳጋስካር በሕይወት ደረሰ። በ1963 ወደ ፈረንሳይ አካዳሚ ለመግባት ተወዳደረ፤ ኬሴል፥ ኮክቶና ፓኞል ቢደግፉትም አልተመረጠም። አንባቢዎቹ የተከራከሩበትን ነገር የአገሩ ሊቃውንትም አልቈረጡለትም ማለት ነው።

አንሪ ደ ሞንፍሬድ ታኅሣሥ 4 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘጠና አምስት ዓመቱ ሞተ። ከአገር ያስወጡት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ከወረዱ ገና ሦስት ወር መሆኑ ነበር። እንዲህ ሆኖ ባለ ብዕሩም ባለ ዙፋኑም ከመድረኩ በአንድ ዓመት ወረዱ፤ መጽሐፉ ግን ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ምን ይፈረድ? መጽሐፎቹን ከነጭራሹ መጣል አይጠቅምም። በውስጣቸው የቀይ ባሕር ጥንታዊ የመርከብ ዕውቀት፥ የሶማሌና የአፋር መርከበኞች ብልሃት፥ የድሬዳዋ የመጀመሪያ ዘመን መልክ ተጠብቆ ይገኛል፤ ይህ ለአገር ልጅ ርስት ነው። ርስትን ደግሞ ባዕድ በያዘው ጊዜ መጣል ሳይሆን መርምሮ መቀበል ይገባል። ሆኖም የባሕሩን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የኦጋዴኑንም አብሮ ማንበብ ይገባዋል፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሽ ሰው ነው ያወቀው። ጀልባውን በማዕበል ያዳነው እጅና ወራሪውን ያመሰገነው እጅ አንድ እጅ ነው።

ሁለተኛውና ታላቁ ትምህርት ግን የአንባቢ ሳይሆን የጸሐፊ ነው። ሞንፍሬድ ያሸነፈው እውነተኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ብቻውን ስለ ተናገረ ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ጠመንጃውን የተሸከሙት፥ ጀልባውን የቀዘፉት፥ በጅጅጋ ቦምብ የወረደባቸው ሰዎች የየራሳቸው ታሪክ ነበራቸው። ያ ታሪክ በሽማግሌዎች አፍ፥ በሶማሌ ግጥምና በየቤቱ ትዝታ ሲነገር ኖረ እንጂ በመጽሐፍ ተጽፎ በዓለም ገበያ አልቀረበም። በጅጅጋና በድሬዳዋ፥ በሽንሌና በአይሻ ተምረው ብዕር የያዙ ወጣቶች የአባቶቻቸውን ቃል ሰምተው ቢጽፉ፥ በሸንጎው ፊት ሁለተኛ ምስክር ይቆማል። ያን ጊዜ አንባቢ በአንድ ጣፋጭ አንደበት ብቻ አይፈርድም፤ ሁለቱን አስተያይቶ እውነቱን ይለያል።